ክሊኒኩን የመዘነው ሰውዬ

የሚዛን ተቆጣጣሪው ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ደሙ ፈላ።

ታናሽ ልጁ የትኩረት ማነስ ወይም ኦቲዝም ይኑርባት አይኑርባት ተመርምራ ውጤቱ ካልመጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት አይቀበሏትም። የመንግሥት ሆስፒታሉ ወረፋ ዓመት ከመንፈቅ ስለሚፈጅ፣ ይላል ደብዳቤው፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የግል ክሊኒክ ቢሄዱ ይመረጣል።

«ቢሄዱ ይመረጣል!» አለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ዳይሬክተሯ ትልካለች፣ ክሊኒኩ ይፈርማል። እጅና ጓንት ናቸው!»

ታናሺቱን ቤተሰቡ ነውጤ ይላታል። አስር ዓመቷ ነው። እሷ ከተቀመጠችበት ወንበሩም አብሯት ይወዛወዛል። አስተማሪ ጠይቆ ሳይጨርስ ትመልሳለች፣ ያውም የተሳሳተውን። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ሹራብና አንድ ጫማ ጥላ መጥታለች። አንድ ጫማ፣ ሁለተኛው እግሯ ላይ ነበር። አባቷ ግን ይሄን በሽታ ነው የሚለውን ሰው አይወድም። «እኔስ በልጅነቴ መቼ አርፌ ተቀምጬ አውቃለሁ?» ይላል።

ታላቂቱን ደግሞ ጭምት ይሏታል። የምትበልጣት በአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ጠባያቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። አንደኛ ትወጣለች፤ ድምጿ አይሰማም፤ እንግዳ ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲያዝን ታዝናለች። እናቷ ከልብሷ ሁሉ አንገት ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት እየቆረጠች ታወጣላታለች፣ ንጹሕ ነገር ትወዳለችና። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሚስማሩ ላይ ሰቅላ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሁለት ሰዓት ትተኛለች። «ጥናት እኮ ነው የሚያደክማት» ይላል አባት፣ እየኮራ።

ሰውዬው ሃያ ዓመት ሙሉ በየሱቁ ዞሯል። ከነጋዴ ጋር አይከራከርም። ከቦርሳው ልክ አንድ ኪሎ የሆነውን ብረት ያወጣና ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ካላለ ሱቁ ይታሸጋል፣ አለቀ። ማረኝ ማረኝ የለም።

«ጭምትን ነው የምወስድላቸው» አላት ሚስቱን። «ምንም እንደሌለባት አገር ያውቃል። እሷንም በሽተኛ ካሏት ሌብነታቸው በገዛ ፊርማቸው ወጣ። ያኔ ነውጤን የሚያባርራትን አያለሁ!»

ሚስቱ ካልሲ እያጣመረች ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ሲባል አልሰማህም?»

«የኔ እናት ድሮ ሞታለች» አለና ቀጠሮ ያዘ።

ጭምት ለምን እንደምትሄድ አልጠየቀችም። በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ብቻ ጠየቀች። አባቷ ነገራት፤ አመሰገነችው።

የክሊኒኩ ኮሪደር በወላጅ ተጨናንቋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የምስክር ወረቀት ነው። ለሰውዬው ይሄ ሁሉ ወረቀት ከመጀመሪያው ሸተተው። አጠገቡ የተቀመጠች እናት ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «እዚህ ገብቶ ባዶ እጁን የወጣ ልጅ አላየሁም» አለችው። ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ቃል በቃል ጻፈው፣ ከነሰዓቱ።

ወላጅ ስለ ልጁ ጠባይ የሚሞላው መጠይቅ ስድሳ ጥያቄ አለው። መልሱ «በጭራሽ»፣ «አልፎ አልፎ» ወይም «ዘወትር» ነው። በስድሳውም «በጭራሽ» ላይ ምልክት አደረገ። አልዋሸም፣ የሚያምነውን ነው የሞላው።

ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «አባት፣ ታዲያ ለምን አመጧት?» አለችው።

«ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት። ይመርምሩ!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ሁለት ቅዳሜ መረመረቻት፣ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሰዓት። ጭምት እንደገባችው ሆና ወጣች። «እንዴት ነበር?» ሲላት፣ «ጥሩ ነበር፣ አመሰግናለሁ» አለችው። እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ!

በአስራ አምስተኛው ቀን ፖስታው መጣ። ኦቲዝም።

ሰውዬው ጮቤ ረገጠ። «ያዝኳቸው!» አለ። ደስታው ግን ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ ቁጣ ዋጠው። የሌላ ሰው ልጅ ስንቱን ወረቀት ተሸክሞ ከዚያ ቤት ወጥቷል! ስንቷ እናት አልቅሳለች! ለጤና ቢሮው አስቀድሞ ያዘጋጀውን አቤቱታ አወጣና ሁለት ገጽ ጨመረበት። ለዳይሬክተሯም ለብቻዋ አንድ ገጽ ጻፈላት፤ በዚያኛው ጨዋ ቃል አልነበረም። ሰኞ በጠዋት ሁለቱንም ራሱ ሊያደርስ ወሰነ።

እሑድ ምሳ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ሪፖርቱን እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አጎርንኖ ያነብላቸው ጀመር። ነውጤ በሳቅ ተንከተከተችና ውሃ ደፋች። እናትም ሳትወድ ሳቀች። ጭምትም ሳቀች።

«"ችግሯን ከሰው ለመደበቅ ከፍተኛ ጥረት ታደርጋለች።" ምን ሰርቃ ነው የምትደብቀው?» አለ። ገጹን ገለጠ። «ይቺን ደግሞ ስሙልኝ! "ከመናገሯ በፊት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልቧ ደጋግማ ትለማመዳለች።" ይሄ ምርመራ ነው ድርሰት? አፉን ለመክፈት የሚለማመድ ፍጡር የት አይታ ነው ይቺ ቀጣፊ?»

ሳቁ ጋብ አለ። ጭምት ማንኪያዋን አስቀመጠችና አባቷን፣ እናቷን፣ እህቷን ተራ በተራ አየቻቸው።

«እናንተ ሳትለማመዱ ነው እንዴ የምታወሩት?»