የቼሪው ጠርሙስ

ስቶይል "ብቻዬን ነው የምሄደው" ብሎ ወደ ሪላ ተራራ ሊወጣ ነው። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ አብራው የማትወጣው ሚስቱ ኔዴልካ እንደ ወትሮው ራኪያ የሚባለውን የፕሪም አረቄ በቀላል የፕላስቲክ ኮዳ ሞልታ አቀበለችው። "ለተራራ የሚሆነው ጠንከር ያለ መጠጥ ነው፤ ጥቂቱ ይበቃል" ይላት የነበረው ራሱ ነው። ዛሬ ግን ኮዳውን ወደ ጎን ትቶ ጣፋጩን የቼሪ አረቄ ከነከባድ ጠርሙሱ አነሳ።

"የሳል ሽሮፕ ነው ስትለው አልነበር? ከመቼ ወዲህ ነው ጣፋጭ የጀመርከው?"

"አልጀመርኩም።"

"ታዲያ ማን ሊጠጣው ነው?"

ስቶይል አንገቱን ደፍቶ የቦርሳውን ማሰሪያ ይነካካ ጀመር።

ኔዴልካ ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደች። እንዳይሰበር በራሷ የሱፍ ሻርፕ ጠቅልላ ልብሶቹ መሃል ከተተችለት።

"ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡ" አለችው።