የአባባ አንደበት

«ዛሬም ሳልቀደድ ከመለሱኝ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም፤ በያት» አሉ አባባ።

ነርሷ እኔን አየችኝ። «አባቴ ስንት ሰዓት ይገባሉ ለማለት ነው» አልኳት በእንግሊዝኛ።

«ቀጣዩ እሳቸው ናቸው የኔ ማር» ብላኝ ሄደች። ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይም ቀጣዩ እሳቸው ነበሩ። አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መጀመሪያ ሐኪሙን ድንገተኛ ታካሚ ያዘው፤ ቀጥሎ ክፍሉ አልጸዳም ተባለ፤ ከዚያ ደግሞ ወረቀት ጠፋ። የጠፋው ወረቀት ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ የተገኘው በነርሷ ብብት ሥር ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ይህን ሁሉ እያየ ሲጋራ በሲጋራ ይለኩሳል።

ይህ ሦስተኛ ቀጠሯችን ነው። አባባ ብሽሽታቸው ላይ ያበጠውን ነገር ደብቀው፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለ መጋዘን ሣጥን ሲሸከሙ ከርመዋል። አንድ ቀን አለቃቸው ብሽሽታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ አገኛቸውና «ታክመህ ና፤ ቦታህን እስከ ሐምሌ መጨረሻ እይዝልሃለሁ» አላቸው። ዛሬ ሰኔ አጋማሽ ነው። ቁስሉ እስኪድን ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ ካለፈ ቦታው አለፈ፤ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ደግሞ ማን ሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል?

«አንደበቴ ተናኘ ናት» ይላሉ ስለ እኔ ለሰው ሁሉ፣ በኩራት። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሁለት ከሱዳን አትላንታ ከገባን ጀምሮ እንግሊዝኛውን ለእኔ ትተውታል። እኔም ያንን አንደበት ስሞርደው አራት ዓመቴ ነው። ሲቆጡ አመሰግናለሁ፤ ሲሳደቡ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አሉና ተነሡ። ያለበሷቸውን ከኋላ የሚከፈት ቀሚስ በአንድ እጃቸው ጨምድደው፣ በሌላው ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ያ ቀሚስ ነው ያሳፈራቸው።

ሲመለሱ ጺማቸው ርሷል። ፌስታሉ ውስጥ የለስላሳ ጠርሙስ አለ፤ ቄሱ እሑድ የሰጧቸው ጸበል። ጧት ሙሉ ነበር፤ አሁን ግማሽ ነው። ምን እንደሆነ ገብቶኝ ልናገር ስል ነርሷ ከሁለት ሰዎች ጋር ተሽከርካሪ አልጋ እየገፋች መጣች።

«በሉ እንግዲህ! ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የበሉት ወይም የጠጡት ነገር አለ?»

ተረጎምኩላቸው። «እህል ውሃ ባፌ አልዞረም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። አልዋሹም። ለእሳቸው ጸበል ውሃ አይደለም፤ ጾም እንኳ አያስገድፍም።

«ምንም አልቀመሱም» አልኳት።

አስተኟቸውና አልጋው ተነሣ። ማታ የፈረምኩት የሆስፒታሉ ወረቀት ትዝ አለኝ። ሆዱ ውስጥ ምግብ ወይም ውሃ ያለበት ሰው ማደንዘዣ ተወግቶ ቢያስመልሰው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል ይላል። ለአባባ ግን እንደ ልማዴ አሳጥሬ «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ አይብሉ፣ አይጠጡ» ብቻ ነበር ያልኳቸው። ሞት የሚለውን ዋጥኩት። እንዳይፈሩብኝ ብዬ ነው።

በሩ ጋ ሲደርሱ «ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጠጥተዋል።»

ጠርሙሱን አሳየኋት። «ሶዳ ነው?» አለችኝ።

«የተባረከ ውሃ ነው።»

«የተባረከም ቢሆን ውሃ ውሃ ነው» አለችና ስልኩን አነሣች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ውሃው ከሆዳቸው እስኪወጣ ሰዓታት መጠበቅ አለባቸው፤ ሐኪሙ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከነገ ጀምሮ ዕረፍት ነው። ቅርቡ ቀጠሮ ሐምሌ ሃያ ሁለት።

ከአራት ሰዓት በላይ ያስጠበቁን እነሱ፤ ጥፋተኛው ግማሽ ጠርሙስ ጸበል! በሰዓታቸው ቢወስዷቸው ጠርሙሱ እንደሞላ ይቀር ነበር። ይህን ልነግራት ብዬ «አመሰግናለሁ» አልኳት።

አባባ አልጋው ላይ ቀና አሉ። «ምን አልሻት?»

«ውሃ ጠጥተዋል አልኳት።»

«ጸበል ከሰስሽ?»

«አባባ፣ ይሞቱብኝ ነበር።»

«በጸበል?» አሉ። «በጸበል የሞተ ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ከረቫታቸውን ሳይቀር አስረው ወጡ። ላግዛቸው ስል እጄን ገፉት። ነርሷ የቀጠሮውን ካርድ ይዛ መጣች። «ሐምሌ ሃያ ሁለት የምታስተረጉሚላቸው አንቺው ነሽ?»

ሳልመልስ አባባ እጃቸውን አነሡ። በአራት ዓመት ውስጥ ከአፋቸው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

«ሺ፣ ኖ» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «አዘር ፐርሰን።»

ነርሷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። «ምን እያሉ ነው?»

«እሷን አልፈልግም፤ ሌላ አስተርጓሚ አምጡልኝ ነው የሚሉት» አልኳት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።