ስልሳ ጨዋታ

ኖሪን በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የቤዝቦል ጓንቷን ከፍ ታደርጋለች። ስምንት ወር የሞላው ሆዷ ቁጢጥ አያስብላትም። ፊቷን የብረት ጭምብል ጋርዶታል። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ማዶ፣ ባሏ ግራንት ኳሷን በጣቶቹ ያገላብጥና ይወረውራል።

"እንደ እንቁላል አታባብላት እንጂ!"

"የማባብለው አንቺን ነው።"

ወረርሽኙ ሜዳውን ካዘጋ ወዲህ፣ ከመጋቢት ጀምሮ፣ የሚወረውረው ለእሷ ነው። አሁን ሊጉ ሊጀመር ነው፤ ባዶ ስታዲየም ውስጥ፣ ስልሳ ጨዋታ ብቻ። ግራንት እጫወታለሁ ወይም አልጫወትም ብሎ ለቡድኑ የሚያሳውቅበት ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ከተጫወተ እስከ መስከረም ኑሮው ሆቴል ነው፤ ልጃቸው ሲወለድ ላይደርስ ይችላል።

"ወስኛለሁ፣ አልሄድም" ይላል።

"እሺ።"

"ሰው እየሞተ፣ ለካርቶን ተመልካች ኳስ መወርወር ምን ይሉታል? የደጋፊ ፎቶ ወንበር ላይ ለጥፈው፣ ጭብጨባውን በድምፅ ማጉያ ሊያሰሙን።"

"ካርቶኑ ይሻልሃል፣ አይሳደብ" ይላሉ ጎረቤታቸው ሚስተር ኖቫክ ከበረንዳቸው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው። "አምና ለቺካጎ ቡድን መቺ እንደ ሠርግ ስጦታ ያቀበልካትን ኳስ መቼም አልረሳትም።"

"እርስዎ መች ይረሳሉ።"

"ምን ላድርግ? ከመጋቢት ወዲህ የማየው ጨዋታ የሣሩን ማደግ ነው።"

ኖሪን በሆስፒታል ቤተ ሙከራ አሥራ ሁለት ዓመት የደም ሕዋስ ስትቆጥር ኖራለች፤ የሚደጋገም ነገር ከዓይኗ አያመልጥም። ግራንት ከመወርወሩ በፊት ጣቱን ይልሳል። በስድስት ዓመት ትዳራቸው ሳይልስ ወርውሮ አያውቅም። ዛሬ ግን ከኋላ ኪሱ እርጥብ ጨርቅ ያወጣል፣ ጣቱን ይጠርግበታል፣ መልሶ ይከተዋል። ሃያ ሦስት ጊዜ ወርውሯል፤ ሃያ ሦስቱንም እንዲሁ።

አዲሱ የውድድር ደንብ ነው፤ ምራቅ ተከልክሏል፣ እርጥብ ጨርቅ ተፈቅዷል። ቤቱ የሚቀር ሰው ይህን መለማመድ አያስፈልገውም።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አሥራ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ምጧ ሲመጣ እሱ አጠገቧ ይቆማል። ኳሷን ሳትመልስለት ትቆያለች።

"ግራንት፣ ያ ጨርቅ ምንድነው?"

ሌላ ሰው እጁ ላይ ያስቀመጠበት ይመስል ጨርቁን ያየዋል። "ልማድ ነው።"

"ያንተ ልማድ መላስ ነው።"

ሚስተር ኖቫክ ወደ ሣራቸው ዞር ይላሉ።

"ጨዋታው የሚረባ ነገር እኮ አይደለም፣ ኖሪን።"

"አይረባም። እኔም አይረባም ነው የምለው። ግን እህቴ አብራኝ ትሆናለች። አንተ ተኮሳትረህ አጠገቤ ከምትቆም፣ ከሆቴል ደውለህ ብትነዘንዘኝ እመርጣለሁ። ግባና ንገራቸው።"

ቀርቦ ጭምብሏን ከፍ ያደርግና ላብ ያቸፈቸፈውን ግንባሯን ይስማል። ከዚያ ወደ ቤት ይገባል።

በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ስልክ ደውሎ "አለሁ" ሲል ትሰማዋለች። ከወዲያ ማዶ ሰውዬው ምን እንዳለው እንጃ፣ ግራንት ይስቃል። የሆዱን ሳቅ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ወራት አልፈዋል።

ጓንቷን ታወልቃለች። መዳፏ ቀልቷል። በየቀኑ ልምምዱ ሲያልቅ እጇን ይዞ ከመቀመጫዋ የሚያነሳት እሱ ነበር።

"ላግዝሽ?" ይላሉ ሚስተር ኖቫክ።

"ባሉበት ይሁኑ፤ ሁለት ሜትር።"

እግሮቿን ፈርከክ ታደርጋለች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ትጭናለች፣ ትንፋሿን ትስባለች። ጊዜ ይፈጅባታል፤ ግን ትነሳለች።