የአጥሩ ውስጥ ጎመን

የቆዳ ፋብሪካው ለሃያ ዓመት ኬሚካል ሲያጠጣው በኖረው መሬት ላይ ጎመን ተዘራ። አጥሩ ላይም "መርዝ ነው፤ አትንኩ" የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ፈረንጆቹ ለጋሾች ደስ እንዲላቸው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ተሰቀለ።

በምረቃው ቀን ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎን ጨብጠው፣ "ጎመኑ መርዙን ከአፈሩ መጥጦ ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ከዚያ አጭደን እናቃጥለዋለን!" አሉ። እንግዶቹም እንደ ልማዳቸው ሳይሰሙ አጨበጨቡ።

ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ምሳው የጾም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አስጨምረው ከበሉ በኋላ ወጥ ሠሪዋን አስጠሩ።

"ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ እንዲህ ያለ ጎመን ከየት ገበያ አገኙ?"

"ምን ገበያ ያስኬደኛል ጌታዬ? ዘበኛው 'ሊያቃጥሉት ነው' ቢለኝ፣ የእግዜር ሲሳይ እንዴት ይቃጠላል ብዬ ማለዳ ከአጥሩ ውስጥ ቀጠፍኩት። ለእርስዎማ ለጋ ለጋውን ነው የመረጥኩልዎ።"