የሃያ አንድ ዓመት ውስኪ

ቢሻው ቅዳሜ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ወርዶ ጨው፣ ቀን ቆይቶ የሚገድል የአይጥ መድኃኒት፣ ሻማና ሦስት አዳዲስ ብርጭቆ ገዝቶ ተመለሰ። ብርጭቆዎቹ ለእሑድ እንግዳ ነበሩ። ሚስቱ አምሳለ ስታያቸው ፊቷ ጠቆረ።

«እውነትም ልትጠጣለት ነው?»

«ዕርቅ አይደለም እንዴ? አልጠጣም ይባላል?»

«በአንተ ምስክርነት ስድስት ዓመት ታስሯል። ሰው ይኼን ይረሳል? ያን የውስኪ ጠርሙስ ከባሕር ማዶ ተሸክሞ የመጣው ላንተ አስቦ ነው?»

ቢሻው ወደ ደጅ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር፤ ተቀምጦ ይነሣል፣ ወጥቶ ይገባል፣ የጎረሰውን ማላመጥ ይረሳል።

ነገሩ የቆየ ነው። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ዓባይነህ የሚባል ሹፌር አረቄ ጠጥቶ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲነዳ መኪናውን ገለበጠ። አጠገቡ የተቀመጠው የቢሻው አንድ ልጅ፣ ምስጋናው፣ እዚያው ቀረ። «እየተንገዳገደ መኪናው ላይ ሲወጣ በሩቁ አይቻለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት የቆመው ቢሻው ነው። ዓባይነህ እስሩን ጨርሶ አገር ጥሎ ሄደ፤ ብዙ ተንከራትቶ አየርላንድ ውስጥ ውስኪ በሚወጣበት ቤት የበርሜል ጠባቂ ሆነ። አሁን ፀጉሩ ሸብቶ መጥቷል።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌውን አቶ ወገኔን ይዞ ደጅ ሲጠና ስለ ውስኪው አወራ። ምስጋናው በሞተበት ዓመት በርሜል የገባ፣ ሃያ አንድ ዓመት ጨለማ ውስጥ የተኛ ነው አለ። እንዲህ ያለ መጠጥ ትንሽ ውኃ ካልነካው ሽታው አይከፈትም ሲል አቶ ወገኔ ከት ብለው ሳቁ። ቢሻው አልሳቀም።

የቀጠሮው ቀን ቢሻው በማለዳ ምንጭ ወርዶ ራሱ ውኃ ቀዳ።

«ዛሬ ደግሞ ውኃ ቀጂ ሆንክልኝ?» አለች አምሳለ።

ትንሿን ገንቦ ከመደቡ ሥር አስቀምጦ በሳህን ከደናት። ዶሮዎቹ ገብተው ዙሪያዋን ሲጭሩ «እሽ!» እያለ ሦስት ጊዜ አባረራቸው። አምሳለ ባሏ ዶሮ ጠባቂ ሲሆን በሠላሳ ዓመት ትዳር አይታ አታውቅም፤ ጭንቀቱ ነው ብላ አለፈችው።

ከቀትር በኋላ ጉሙ ከጥርባ በኩል ሲወርድ እንግዶቹ ደረሱ። ዓባይነህ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከደጃፉ ተንበረከከ። ቢሻው ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የልጁን ፎቶ አየ። በመጨረሻ ድንጋዩን አወረደለት።

«ይቅር ለእግዜር» አለ። ድምፁ ደረቅ ነበር።

በቀርቀሃ ወንበሮቹ ላይ ተቀመጡ። ዓባይነህ ጠርሙሱን ከፍቶ በሦስቱም ብርጭቆ ጥቂት ጥቂት ቀዳ።

«የቀዳው ይቅመስ» አለች አምሳለ ከበሩ አጠገብ።

የአገሩ ወግ ነው፤ ቀጂው ቀድሞ የሚቀምሰው የጠጪው ልብ እንዲያርፍ ነው። የዛሬው ግን ወግ ብቻ እንዳልሆነ አራቱም ያውቁታል።

«ደስ ይለኛል፣ እትዬ አምሳለ» አለ ዓባይነህ። ብርጭቆውን አነሣ፤ አልጠጣም። አዞረው፣ ብርሃን ላይ አየው፣ አሸተተው።

«ከምንድን ነው የሚወጣው?» አሉ አቶ ወገኔ።

«ከገብስ። ግማሹ ብቅል፣ ግማሹ ያልበቀለ። በመዳብ ጋን ሦስት ጊዜ ይወጣል።»

«እኛ ሁለቴ አውጥተን ዳግም አረቄ እያልን እንኮራለን!»

ዓባይነህ እንደገና አሸተተ። «መጀመሪያ ማር ነው። ቀጥሎ ቅርንፉድ። አዲስ ኮርቻም ይሸታል። ከሥሩ የተቆላ ገብስ አለ። ትንሽ ይናፈስ።»

 ቢሻው ተነሥቶ ዶሮ አባረረ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰውየው ያሸትታል እንጂ አይጠጣም።

«ጠጣዋ እንግዲህ!» አለ ሳያስበው።

«ተው ቢሻው፣ እንግዳ ነው» አሉ አቶ ወገኔ። እሳቸውም ግን ዓይናቸውን ከጠርሙሱ አልነቀሉም።

«ትንሽ ውኃ ቢገኝ?» አለ ዓባይነህ።

አምሳለ ሳትነሣ ቢሻው ገንቦዋን ይዞ ቀረበ። በዓባይነህ ብርጭቆ ከልኩ በላይ አፈሰሰበት።

«በቃ፣ በቃ! አያ ቢሻው፣ አሰመጡት እኮ» አለ ዓባይነህ እየሳቀ።

«እስቲ ለእኔም ጠብ አድርግልኝ» አሉ አቶ ወገኔ።

ቢሻው ገንቦዋን ወደ ደረቱ ሳበ። «ኧረ እርስዎ! የአገው ፈረሰኛ አረቄ በውኃ ሲጠጣ ማን አይቷል?»

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ብርጭቋቸውን መለሱ።

ዓባይነህ ወደ ፎቶው ዞሮ «ለምስጋናው» አለና ጠጣ። ምላሱ ላይ አቆየው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የታችኛው ምንጭ ውኃ ነው አይደል? እሱም ናፍቆኝ ነበር።» የቀረውንም ጨለጠው።

አምሳለ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ዓባይነህ ምንም አልሆነም፤ ስለ በርሜሎቹ፣ ስለ አየርላንድ ዝናብ ያወራል። ያኔ አቶ ወገኔ ጠጡ። ቢሻውም ጠጣ። እውነትም መጀመሪያ ማር ነበር፤ ቀጥሎ አፉን እንደ ቁንዶ በርበሬ ለበለበው፣ ደረቱም ሞቀ። ከልጁ ሞት ወዲህ ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ሰውዬ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ዓባይነህ ተነሥቶ አቀፈው።

እንግዶቹ ጀንበር ሳትጠልቅ ባጃጅ ይዘው ወደ እንጅባራ ተመለሱ። አምሳለ መንገዱ ላይ ቆማ እስኪጠፉ አየቻቸው።

«በከንቱ ጠረጠርኩት» አለች ስትመለስ። «ንጹሕ ሰው ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ቢሻው ገንቦዋን አንሥቶ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ዶሮዎቹ እንዳይደርሱበት ከትናንት ጀምሮ ምሶ ባዘጋጀው ጉድጓድ ውስጥ የተረፈውን ውኃ ደፋ፣ ገንቦዋንም ሰብሮ ጨመራት፣ አፈሩን መለሰበት።