የሥራነሽ ነጠላ

የካቲት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ሥራነሽን ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ የአባቷ በሽታ ካንሰር መሆኑንና ወደ ጉበታቸው መዛመቱን ነገራት። "አሁን ለእሳቸው መንገር አለብኝ፤ ሕመሙ የእሳቸው ነው" አላት። ክንዱን ለቀም አድርጋ ያዘችው። "በእመቤቴ! ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ከበሽታው በፊት በድንጋጤ ልትገድልብኝ ነው?"

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ መልሳ ለብሳው፣ ፈገግ እያለች ገባች። "አባባ፣ ጨጓራ ነው አሉ። ለጨጓራ ብለው ነው እንዲህ ያስደነገጡን?" አባቷ አልሳቁም። ትከሻዋን ትክ ብለው አዩና በእጃቸው ጠሯት። ጎንበስ ስትልላቸው፣ ነጠላዋን ከላይዋ ገፈው ገለበጡና መልሰው አለበሷት። የገባት ያኔ ነው፤ ሳታውቀው ለለቅሶ እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃው ነበር።

"ገና አልሞትኩም፣ ልጄ" አሏት። "በይ ሐኪሙን ጥሪልኝ፤ ከእሱ አፍ ልስማው። ከዚያ የነፍስ አባቴን።"

ጠራችው። አባቷ አማኑኤል ከተማ ወዳለው ቤታቸው ተመልሰው ቆረቡ። ያረፉት በሰኔ ነው። ሥራነሽ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ያን ቀን ነው።