አፌን አልከፍትም ያለችው ልጅ

የአንድን ሰው ጾም ሌላ ሰው ሊጾምለት ይችላል?

የሺአረግ ይህን ጥያቄ ተሸክማ አረጀች... መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘችውም።

"አፍህን ክፈት፣ እሌኒ..."

ፈረንጇ ናት። አማርኛዋ ገና ወንድና ሴት አይለይም። ሌላ ቀን ቢሆን ልጆቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ዛሬ ግን የሳቀ የለም።

እሌኒ የወተቱን ኩባያ አየችና ከንፈሯን ገጠመች።

ዘመኑ የደርግ ነው... ሰባ ሰባት፣ ያ ክፉ ድርቅ። ቦታው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ የሕፃናት መጠለያ።

የሺአረግ ባሏ ዘምቶባት፣ ኩፍኝ ያደቀቃትን አንድ ልጇን እሌኒን ታቅፋ ከቁንዝላ በጀልባ የመጣች ለጋ እናት ናት።

ፈረንጇ ኢንግሪድ ደግሞ በፈቃዷ ከኖርዌይ የመጣች ሚሲዮን ናት። ጧት ልጆቹን ታጥባለች፣ ቅማላቸውን ትለቅማለች፣ ቀን ከአንድ ትሪ አብራቸው ትበላለች፣ ማታ መዝሙር እያዘመረች ታስተኛቸዋለች። ልጆቹ እትዬ ኢንግሪድ ይሏታል።

ሐኪሙ የተናገረው አንድ ነገር ነው። "ይህች ልጅ ወተትና እንቁላል ካላገኘች ፋሲካን አታይም።"

ጊዜው ግን ዐቢይ ጾም ነው።

እሌኒ ደግሞ ሰባት ዓመት አልፏታል። ጾመኛ ናት።

"ጠጪ እንጂ ልጄ... ታመሻል እኮ" አለች የሺአረግ።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቷል። የአልጋ ጎረቤቷ ፀሐይወርቅ ጧት ያለቻት ከጆሮዋ አልወጣም።

"ወተቱ መግቢያው ነው አንቺ። ፈረንጇ ዛሬ ጾም ታስገድፋታለች፣ ነገ ማተቧን ትበጥስባታለች።"

"አባ ካልፈቱኝ አልገድፍም" አለች እሌኒ። ድምጿ እንደ ክር ቀጥኗል።

አባ የምትላቸው የነፍስ አባታቸውን፣ አባ ወልደ ሐዋርያትን ነው። የሚኖሩት ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ነው።

በነጋታው ኢንግሪድ ጠፋች።

"በቃ፣ ተቀይማ ሄደች" አለች ፀሐይወርቅ። "አንቺና ልጅሽ ናችሁ ያባረራችኋት። እንግዲህ የእኛን ልጆች ማን ይጠብልን?"

የሺአረግ ልጇን ታቅፋ ትንፋሿን ስታዳምጥ ዋለች።

ኢንግሪድ ግን አልተቀየመችም። የካድሬውን ደጅ ጠንታ፣ የይለፍ ወረቀት አውጥታ፣ ጀልባ ላይ ነበረች።

ስትመለስ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ከኋላዋ ወረዱ። አባ ወልደ ሐዋርያት ናቸው።

እሌኒን መስቀል አሳለሟት።

"ፈትቼሻለሁ ልጄ። ጠጪ።"

"ጾሜስ አባ? ሜዳ ላይ ይቀራል?"

"አይቀርም። የሚይዝልሽ ሰው አለ።"

እሌኒ አሰበች... አሰበች... አፏን ከፈተች።

የሺአረግ ተንበርክካ የአባን ጉልበት ሳመች። የሚይዙላት እሳቸው ናቸው ብላ ነዋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኢንግሪድ ተለወጠች።

ትሪው ዘንድ መቅረብ ተወች። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ሲመሻሽ ብቻዋን ጓዳ ትገባለች።

"ጓዳ ገብታ የቆርቆሮ ሥጋዋን ትበላለቻ" አለች ፀሐይወርቅ። "የእኛ ሽሮ መቼ ይወርድላታል።"

የሺአረግ አመነች። አንድ ቀን አልቻለችምና "ኢንግሪድ፣ ምግባችንን ከተጠየፍሽው ንገሪን እንጂ፣ ምን ትደበቂያለሽ?" አለቻት።

ኢንግሪድ ፊቷ ቀላ። "አልራበኝም" ብላ የልብስ ገንዳዋን አንስታ ሄደች።

እሌኒ ግን ጉንጯ እየሞላ፣ ዓይኗ እየበራ መጣ። ተቀመጠች። ግድግዳ ይዛ ቆመች።

ፋሲካን አየች።

የዚያን ዕለት እንኳ፣ ሁሉም ሲገድፍ፣ ኢንግሪድ ትሪው ዘንድ አልደረሰችም። የሺአረግ በውስጧ "ኩራት ነው" አለች።

በማግስቱ አባ ወልደ ሐዋርያት እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ በጀልባ መጡ። የሺአረግ ተሯሩጣ እንጀራ በዶሮ ወጥ አቀረበችላቸው። አንድ ጉርሻ ጠቀለለችና ዘረጋች።

"አባ፣ የልጄን ጾም የያዙልኝ እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ከእጄ ይቅመሱ።"

አባ እጇን ቀስ አድርገው መለሱት።

"ይህ ጉርሻ ባለቤት አለው ልጄ። እኔ የራሴን ጾምሁ እንጂ የእሌኒን አልጾምሁም።"

"ታዲያ ማን ጾመላት?"

አባ ወደ ግቢው ጥግ አዩ። ኢንግሪድ ጎንበስ ብላ አንድ ሕፃን ታጥባለች።

"ደጄ መጥታ፣ 'ልጅቷ ጾሜ ሜዳ ላይ ቀረ ብላ ከፈራች እኔ ልያዝላት፣ ግን ለማንም እንዳይነግሩ' አለችኝ። በመጽሐፍ ፈለግሁ፣ አላገኘሁትም። እምቢ የምልበት አፍም አጣሁ።"

የሺአረግ ጉርሻው በእጇ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ያ ጓዳ... ውስጡ የነበረው ደረቅ እንጀራና ውሃ ነው። ትናንት በፋሲካ ያልቀመሰችውም አባ እስኪፈቷት ስትጠብቅ ነው።

የዚያን ጊዜ እሌኒ ጉርሻውን ከእናቷ እጅ ወሰደች።

ግድግዳ አልያዘችም። ሰውም አልያዘችም።

ሮጠች።

ግቢውን ሰንጥቃ፣ ወጡ በክንዷ እየተንጠባጠበ፣ ኢንግሪድ ፊት ቆመች።

"አፍህን ክፈት፣ እትዬ።"

መጠለያው ሙሉ እልል አለ። ከሁሉ ከፍ ያለው የፀሐይወርቅ እልልታ ነበር።

ዛሬ እሌኒ ራሷ የልጆች እናት ናት።

የሺአረግ ደግሞ ስኳር ይዟታል። ሐኪሙም የነፍስ አባቷም "ዘንድሮ አትጹሚ" ብለዋታል። ምግብ ሲቀርብላት ግን ከንፈሯን ትገጥማለች።

"የሰው አገር ሴት የልጄን ጾም ይዛ፣ እኔ የራሴን ልተው?"

"እኔ እይዝልሻለሁ እማ፣ አፍሽን ክፈቺ" ትላታለች እሌኒ። እሺ አላለችም።

ወገኖቼ... እምነቴን ሊቀማኝ ነው ብለን የምንፈራው ሰው ሸክማችንን ሊያግዘን የመጣ ሊሆን ይችላል። ጓዳውን ሳናይ አንፍረድ።

አሁን ደግሞ ምክራችሁን እንፈልጋለን። የሺአረግ ትጹም ወይስ ለልጇ አፏን ትክፈትላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ታሳምኗት ነበር? እናት ያላችሁም፣ እናት የሆናችሁም እስቲ ጻፉላት።